ስለ ሎሪ ቤከር የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ፦ ቢሮ አትለማመጡ፣ ግንበኛ ፈልጉ

ህንድ ለማስተርስ የሄድን ልጆች ብዙ ነን። አርክቴክቸር የምታጠኑ ካላችሁና ደቡብ ህንድ ኬረላ ከደረሳችሁ፣ አንዱ መምህር «ሎሪ ቤከርን ሥሩ» ማለቱ አይቀርም። እኔም ሠራሁት። ያኔ ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው በኖረ ያልኩትን ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

የሕይወት ታሪኩ ቀላሉ ክፍል ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ቤከር በ1917 በርሚንግሃም የተወለደ እንግሊዛዊ አርክቴክት ነው። እዚያው አርክቴክቸር ተማረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከኩዌከሮች (ጦርነት የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ናቸው) የአምቡላንስ ቡድን ጋር ቻይና ሄዶ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን አስታመመ። ወደ አገሩ ሲመለስ ቦምቤይ ላይ መርከብ እየጠበቀ ጋንዲን አገኘ፣ በ1945 ደግሞ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሊሠራ ተመልሶ ህንድ ገባ። ኤልሳቤት ጃኮብ የምትባል ሐኪም አግብቶ ሂማላያ ውስጥ ፒቶራጋር ብዙ ዓመት ኖሩ፤ እሷ ታክማለች፣ እሱ ይገነባል። በ1960ዎቹ ወደ ኬረላ ወረዱ፣ በኋላም ዋና ከተማዋ ትሪቫንድረም ተቀመጡ። በ2007 በ90 ዓመቱ ሲያርፍ የህንድ ዜጋ ነበር።

አሁን ወደ ጣጣው። የተሰጠኝ መመሪያ «በመጀመሪያ የሕንፃውን ኦሪጅናል ፕላን ያግኙ» ይላል። ስለዚህ ፕላኑ አለበት ወደተባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በክር የታሰሩ ፋይሎች እስከ ጸሐፊው አገጭ ድረስ ተቆልለዋል። የትብብር ደብዳቤዬን አየና ከኮሌጁ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ይሁን አለኝ። አመጣሁ። ክብ ማህተም የለውም ተባልኩ። አስመታሁ። ከዚያ የውጭ ዜጋ ስለሆንክ የኤምባሲ ደብዳቤ አምጣ ተባለ። ኤምባሲያችን ያለው ደልሂ ነው፣ ከትሪቫንድረም በባቡር ሁለት ቀን ገደማ ይፈጃል። በስልክ ተለማምጬ በፖስታ አስመጣሁት። ደብዳቤው ሲደርስ ፈራሚው ፈቃድ ወጥቷል፤ ሲመለስ ወደ ሌላ ክፍል መራኝ፣ ያ ክፍል ደግሞ መልሶ ወደ እሱ። «ነገ ና» ማለት ሰውን ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል። ሕንፃውን ለመለካት ያሰብኩት ጊዜ ሁሉ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አለቀ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ የተሰጠኝ አንድ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነው። ይዤው ሕንፃው ጋ ስሄድ ደግሞ አይገጥምም! ወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለው ግድግዳ፣ ቦታው ላይ ዛፍ ላለመንካት ጎብጦ ዞሯል።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቤከር ሳይት ላይ ቆሞ የሚወስን ሰው ነበር። ኮንትራክተር ሳያስገባ ራሱ ከግንበኞች ጋር ይውላል፣ ባገኘው ቁራጭ ወረቀት ላይ ይነድፋል፣ ያልጣመውን እዚያው ይቀይራል። ታዲያ የእሱን ሕንፃ ለማጥናት ከፕላን ጀምሩ የሚል መመሪያ ተማሪ ከማንገላታት በቀር ምን ይጠቅማል? መምህራን ይህን ቢያውቁም መመሪያው እንደዚያው ነው።

የክፍሌ ልጅ እያስተረጎመችልኝ፣ በወጣትነታቸው ከቤከር ጋር የሠሩ አንድ አዛውንት ግንበኛ አገኘሁ። «ቼታ» እያልኩ ነበር የምጠራቸው፣ እንደኛ ጋሼ በሉት። ስለ ግድግዳው ስጠይቃቸው ብዙ አላወሩም። መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ጡብ አነሱ። ሁለቱን በጠባብ ጎናቸው አቁመው ትይዩ አደረጓቸው፣ ጫፋቸው ላይ ሌላ ጡብ አጋደሙ፣ ከዚያ ጣታቸውን መሀል ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ ሰደው አሳዩኝ። ግድግዳው ውፍረቱ ሳይቀንስ ከጡቡ ሩብ ያህሉን ያድናል፣ ውስጡ የሚቀረው አየር ደግሞ ሙቀቱን ያበርዳል። ሶሌታውንም (ጠፍጣፋውን የኮንክሪት ጣሪያ) እንዲሁ አስረዱኝ፦ ታችኛው በኩል ጉልበቱን የሚሸከመው ፌሮው ስለሆነ፣ በፌሮዎቹ መሀል ኮንክሪት ከመሙላት ይልቅ አሮጌ የሸክላ ክዳን ይገባበታል። ያ ሁሉ ፋይል ያልነገረኝን ከሳቸው ተማርኩ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ትሪቫንድረም ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው፣ ቤከር ከሠራው ኢንዲያን ኮፊ ሀውስ ጀምሩ። ቀይ ጡብ ነው፣ እንደ ቀንድ አውጣ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ወለሉ ከታች እስከ ላይ አንድ ረጅም ዳገት ነው፣ ጠረጴዛዎቹ ግን ከግንቡ ጋር ተሠርተው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሜትር ይዛችሁ ግቡ፣ ቡና እዘዙ፣ አስተናጋጆቹን በትህትና አስፈቅዱና ለኩ። እኔን ማንም ደብዳቤ አልጠየቀኝም። በራሴ ልኬት የሣልኩት የዚያ ዳገት ሴክሽን (ሕንፃው ለሁለት ቢቆረጥ የሚታየው ሥዕል) ከጽሑፌ ሁሉ የምኮራበት ነው።

ልኬቱን ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ጨርሱ። ግንቦት ማብቂያ ላይ ዝናቡ ከገባ የግንባታ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ግንበኞቹንም ማግኘት ይከብዳል። ደብዳቤውን ከፈለጋችሁ ጎን ለጎን አስገቡት፤ ሥራችሁን ግን እሱ ላይ አታንጠልጥሉ።