ፊቱ የዱሮ፣ ወረቀቱ የቅርብ፦ የሦስት ዓመት የፎቶግራፍ አሰባሰብ ልምዴ

የቀድሞ የፊልም ተዋንያንን ፎቶግራፎች መሰብሰብ ከጀመርሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያው ደብረ ብርሃን ውስጥ ሊዘጋ የተቃረበ የአንድ ፎቶ ቤት ባለቤት የሰጡኝ፣ የህንዶቹን ራጅ ካፑርንና ናርጊስን አብረው የሚያሳይ ፖስት ካርድ ነበር። ዛሬ 31 ደርሰውልኛል፤ በዘመናቸው የታተሙ ናቸው ብዬ የምተማመንባቸው ግን 12 ብቻ ናቸው።

ልዩነቱን የተማርሁት በኪሳራ ነው። አንድ ሻጭ የሆሊውዷን ተዋናይ የግሬታ ጋርቦን ምስል «እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹ ነው» ሲለኝ፣ ኤምጂኤም የተባለው የሆሊውድ ፊልም ስቱዲዮ የፎቶግራፍ ክፍል ኃላፊ የነበረው ክላረንስ ሲንክሌር ቡል እርሷን ሲያነሣ ይጠቀምበት የነበረውን የጥላና የብርሃን አጣጣል ያየሁ መስሎኝ ሳልከራከር ገዛሁት። ወደምኖርበት ደብረ ሲና ስመለስ የሰፈራችን ባለሱቅ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ተውሼ ባበራበት ጊዜ ወረቀቱ ቦግ ብሎ ሰማያዊ ሆነ። በዚህ መብራት እንዲህ የሚያበራው ወረቀትን የሚያነጣው ኬሚካል በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ ስለሆነ፣ ፊቱ የ1930ዎቹ ቢሆንም ኅትመቱ ሊሆን አይችልም። (ያላበራ ሁሉ አሮጌ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ኬሚካሉ የሌለባቸው የኋላ ዘመን ወረቀቶችም አሉ።)

ከዚያ ወዲህ ከፊቱ በፊት ጀርባውን አያለሁ፤ የፎቶ አንሺውን ወይም የስቱዲዮውን ማኅተም፣ በጽሕፈት መኪና ተጽፎ የተለጠፈ መግለጫም ካለ እፈልጋለሁ። በሰዓት ሠሪ ማጉያ ስመለከተው ምስሉ በተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ ከማተሚያ ቤት የወጣ እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም። በጥቁሩ ክፍል ዳር ዳር የሚታየውን መስተዋት መሰል ብልጭታ በፊት እንደ እድፍ ቆጥሬ ልጠርገው ይቃጣኝ ነበር፤ ለካስ ምስሉ ከተሠራበት የብር ማዕድን ከዘመን ብዛት ወደ ላይ የወጣው ነው።

ያላሸነፍሁት ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የጣርማ በርን ጉም ነው። የራጅ ካፑርን ካርድ ከመስተዋት ጋር አጣብቄ በክፈፍ ሰቅዬው ነበር፤ ምስሉን የያዘው ጄላቲን የሚባለው ስስ ሽፋን በክረምቱ እርጥበት ስቦ ከመስተዋቱ ጋር ተጣበቀ። በኃይል ብስበው ፊታቸው ተልጦ ስለሚቀር እንዳለ ትቼዋለሁ። ለሌሎቹ በምስሉና በመስተዋቱ መካከል ክፍተት የሚፈጥር የካርቶን ጠርዝ ቆርጫለሁ፤ እስካሁን አራቱን አልብሻለሁ።