ሦስት ዓመት በትንሽ ሳህን፦ ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሕር ዳር ላይ የለመድኩት አበላል

ጥቅምት ሲገባ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ጨጓራዬን ያስቀነስኩት በ2015 ጥቅምት ላይ፣ አዲስ አበባ ነው። ያኔ 118 ኪሎ ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት ስመዘን 79 ነኝ። መሀል ላይ ግን 75 ደርሼ፣ እንደገና ወደ 83 ወጥቻለሁ። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ስምንት ኪሎ ነው። የመቀነሱን ወሬማ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያወራልን ሰው ግን ጥቂት ነው። በተለይ እንደ እኔ እየጾመ፣ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ትሪ እየበላ የሚኖር ሰው።

ገና ለምታስቡት ባጭሩ ላስረዳ። እኔ የተሠራልኝ ስሊቭ የሚባለው ነው። ከጨጓራ ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ጠባብ ቱቦ ነው። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ መጀመሪያ አካባቢ ረሃብ ጭራሽ ይጠፋል። ምሳ መድረሱን የማውቀው ሰዓት አይቼ ነበር። ያ ጊዜ ግን ያልፋል። እኔ ጋ ረሃቡ ቀስ እያለ የተመለሰው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ የለመዳችሁት አበላል ነው የሚይዛችሁ።

የእኔ የመጀመሪያ ፈተና ትሪው ነበር። እናቴ ቤት ምሳ ማለት አንድ ትልቅ ትሪ ነው፣ ዙሪያውን አምስት ስድስት ሰው። ከዚያ ላይ ምን ያህል እንደበላሁ እንዴት ልወቅ? ወሬ አለ፣ ሳቅ አለ፣ እጅ ይሄዳል ይመጣል። ሆዴ ደግሞ መሙላቱን ቶሎ አይነግረኝም። የሚነግረኝ ካለፈ በኋላ ነው።

የ2015 ፋሲካን አልረሳውም። ከተሠራሁ ገና ስድስት ወሬ ነበር። አክስቴ ከዶሮው አንስታ ጉርሻ ጠቀለለችልኝ። ትልቅ ነበር፣ የፍቅሯን ያህል። «በሞቴ» አለች። ተቀበልኩ። አንድ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው መጣ። ሁለተኛው አልወረደም። ደረቴ መሀል ላይ ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ። ምራቄ አረፋ እየሆነ አፌን ሞላው። ጓሮ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አክስቴ ተከትላኝ መጣች። ጀርባዬን እያሸች «ልጄን እኔው ገደልኳት» ብላ አለቀሰች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። አስቀድሜ ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

በማግስቱ እናቴ አንድ ነገር አደረገች። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ትንሽ ሳህን ነበራት፣ ልጆች ሆነን የምንበላበት። አጠበችውና የእኔን ድርሻ ጨለፈችበት። ከዚያ ለብቻ አላቀረበችልኝም። እዚያው ትሪው ላይ፣ በእኔ በኩል አስቀመጠችው። «ከማዕድ አልተለየሽም፣ መጠንሽንም አወቅሽ» አለችኝ። እኛ ዘንድ ለብቻው የሚበላ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ለብቻ መብላቱ ከቀዶ ሕክምናው ቁስል ይልቅ ያስፈራኝ ነበር። እናቴ መላ አገኘችለት። ዛሬም መሥሪያ ቤት ከጓደኞቼ ጋር ስበላ ትንሿን ሳህን ትሪው ላይ አስቀምጣለሁ። አሁን ማንም አይጠይቀኝም። ጉርሻም ይሰጡኛል፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል። እሷን ሠላሳ ጊዜ አኝኬ እውጣለሁ።

ከትሪው ቀጥሎ እንጀራው ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ «መጀመሪያ ፕሮቲን፣ ከዚያ አትክልት፣ ቦታ ከተረፈ እንጀራ» ብላኝ ነበር። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኛ ግን ወጡን የምናነሳው በእንጀራው ነው። ምስሩ አፌ የሚደርሰው በእንጀራ ተጠቅልሎ ነው። ስለዚህ ቱቦውን ቀድሞ የሚሞላው እንጀራ ይሆናል። አሁን በማንኪያ እጀምራለሁ። ስድስት ሰባት ማንኪያ ከወጡ፣ ከዚያ ጎመኑን፣ መጨረሻ ላይ በእጄ ሩብ እንጀራ የማትሞላ ቁራሽ። ለመልመድ ሦስት ወር ያህል ፈጅቶብኛል። እጅ ለእንጀራ ሲል የኖረ ነው። ትኩስ እንጀራ እንደ ሊጥ ስለሚጠቀጠቅብኝ ያደረውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ስምንቱ ኪሎ ልምጣ።

የ2015ን ሁዳዴ አልጾምኩም። ገና አራት ወሬ ስለነበር ሐኪሜም የንስሐ አባቴም ከለከሉኝ። በ2016 ግን ደህና ነበርኩ። ጥር ላይ 75 ኪሎ ገብቻለሁ። ለአባ ነገርኳቸው። «እህሉን በሰዓቱ ቅመሽ፣ ከሥጋና ከወተቱ ተከልከይ፣ ሐኪምሽን ስሚ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁበት። 55 ቀን ነው። ባሕር ዳር ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እንዴት እንደምትሞቅ ታውቃላችሁ። ምግብ አያሰኝም። ጭማቂ ቤቶቹ ግን በየመንገዱ ናቸው። ከታች አቮካዶ፣ ከላይ ማንጎ፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት የሚመጣው ስፕሪስ ቁርሴ ሆነ። ከዚያ መክሰሴም ሆነ። ፍራፍሬ ነው፣ የጾም ነው፣ ምን ክፋት አለው አልኩ።

ጠጣር ምግብ ጠባቡ ቱቦ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ትንሽ በልታችሁ ትጠግባላችሁ። ጭማቂ ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ትልቁን ብርጭቆ ጨርሼ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይርበኝ ነበር። ብስኩትም እንዲሁ ነው፣ አፍ ውስጥ ሟሟ ብሎ ይወርዳል። ሳምቡሳው፣ ቦምቦሊኖው፣ በስኳር የተበጠበጠው በሶ፣ ሁሉም የጾም ነው፣ ሁሉም ይወርዳል። ትውከት የለ፣ ሕመም የለ። ሆዴ ስላልተቆጣ ትክክል የበላሁ መሰለኝ። ፋሲካ ላይ 79 ሆኜ ተገኘሁ። ልማዱ ከጾሙ በኋላም አልለቀቀኝም። በ2017 መስከረም 83 ደረስኩ።

ኪሎው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በዚያው በ2016 ክረምት የእግሬ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። ጫማ የጠበበኝ መስሎኝ ቀየርኩ። ደረጃ ስወጣም ይደክመኛል። ላብራቶሪ ስሄድ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን በጣም ወርዶ ተገኘ፣ አይረንም እንዲሁ። ሐኪሜ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከአሳ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ሰውነት ደግሞ በደንብ እንዲወስደው ከጨጓራ የሚመነጭ ነገር ይፈልጋል፤ የእኛ ጨጓራ ይሄንንም ቀንሷል። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ያህል ጾሜ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታዘዘልኝን የቫይታሚን ኪኒንም «ደህና ነኝ» ብዬ ትቼ ነበር። ይሄን ስጽፍላችሁ አሁንም ይቆጨኛል። መርፌ ተወጋሁ፣ መደንዘዙ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። እባካችሁ፣ ኪኒኑ የዕድሜ ልክ ነው። ካልሲየሙንና አይረኑን አብራችሁ አትውሰዱ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። አይረኑን ከቡናና ከሻይም አርቁት። እኔ ካልሲየሙን ጠዋት፣ አይረኑን ማታ ልተኛ ስል ነው የምወስደው። ደሙንም በየዓመቱ አስመርምሩ።

ለ2017 ሁዳዴ ከወር በፊት ተዘጋጀሁ። ሒሳቡ ከባድ ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገኛል። 100 ግራም የበሰለ ምስር ውስጥ ያለው 9 ግራም ገደማ ነው። በምስር ብቻ ልሙላው ካልኩ ስድስት መቶ ግራም ከዚያም በላይ መብላት አለብኝ። እኔ በአንድ ጊዜ ከአንድ መቶ ብዙም አልዘልም። ባለሙያዋ ያኔ ነው አኩሪ አተር ያለችኝ። በደረቁ 100 ግራሙ ውስጥ ወደ 36 ግራም ፕሮቲን አለው። ሽምብራ ወደ 20 ነው።

አሠራሩን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ አበላሽቼዋለሁ። አኩሪ አተር በጥሬው ፈጭታችሁ አትቀላቅሉት። ሆድ ይነፋል፣ ጥሬነቱም የፕሮቲኑን መፈጨት ያውካል። ማታ ዘፍዝፉት። ጠዋት በእጃችሁ ስታሹት ልጣጩ ይንሳፈፋል፣ አውጡት። ውኃውን ቀይራችሁ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጡት። እኛ ጋ ፀሐይ ሞልቷል፣ በሁለት ቀን ድርቅ ይላል። በመጨረሻ ወርቅማ እስኪሆን አምሱት፣ ሽታው ከጥሬ ባቄላ ወደ ለውዝ ሲቀየር ይታወቃችኋል። አንድ እጅ አኩሪ አተር፣ ሁለት እጅ የሽሮ እህል አድርጋችሁ ከቅመሙ ጋር ወፍጮ ቤት ውሰዱት። ሽሮው ትንሽ ወፈር ይላል። እናቴ ሳልነግራት በላችና «ዘንድሮ ሽምብራው ጥሩ ነው» አለች።

በዚያ ሁዳዴ ጠዋት ወፍራም ሽሮ በማንኪያ፣ ረፋድ ላይ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ምሳ ምስር፣ ማታ ደግሞ ሽሮ በጎመን በላሁ። ለውዝም ነበረ፣ ግን በስኒ ለክቼ። ስኒ የቤቴ ሚዛን ሆኗል። ቆሎ ሲመጣም አንድ ስኒ ለራሴ ቀድቼ ሣህኑን አሳልፋለሁ። ቡና ላይ ከአቦል እስከ በረካ እጅ ሳያውቅ የሚያነሳው ቆሎ ከምሳ ይበልጣል። ጭማቂ አልጠጣሁም፣ ማንጎውን እየቆረጥኩ በላሁት። ፋሲካ ላይ 81 ነበርኩ። ቢ12ም አልወረደም።

ውኃ ላይ አሁንም እየታገልኩ ነው። በቀን አንድ ሊትር ተኩል መድረስ አለብኝ፣ ግን ምግብ ላይ መጠጣት የለም። ከበላሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ውኃው ምግቡን ቶሎ ገፍቶ ያሳልፈዋልና። ስለዚህ ሃይላንዴን ይዤ በምግብና በምግብ መካከል እጎነጫለሁ። በዚህ ሙቀት አንዴ ከረሳሁት ማታ ራስ ምታት ነው። ለስላሳና ቢራ ግን በሬን አያንኳኩም። ፀጉር መርገፉን ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የእኔ በአራተኛው ወር ረገፈ፣ ዓመት ሳይሞላ ተመልሶ በቀለ።

ስለ አሳ ሳልጽፍ ባልፍ ጣና ታዝንብኛለች። ከጾሙ ውጭ ትልቁ እርዳታዬ እሷ ናት። በከተማችን በጾም አሳ የሚበላም የማይበላም አለ፣ እኛ ቤት አይበላም። በፍስክ ቀን ግን በሳምንት ሦስቴ እበላለሁ። የዶሮ ፈረሰኛ ደርቆ ሊያንቀኝ ይደርሳል፣ የበሬ ሥጋም ይከብደኛል። ቆሮሶ የሚባለው አሳ ግን አፍ ውስጥ ይፈርሳል። የበሰለው 100 ግራም ወደ 25 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። እንደ እኔ ትንሽ ቦታ ላላት ሴት ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ቅዳሜ ጠዋት በእግሬ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ጀልባዎቹ ሌሊት ያደሩበትን ይዘው ሲመጡ ትልልቆቹ ነጫጭ ወፎች ዳር ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ልጁ ቆሮሶውን ቅርፊቱን ገፎ፣ በሁለት ጎን ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ ይሰጠኛል። አምባዛም ይኖራል፣ እሱ ግን ወፍራም ስለሆነ ሲበዛ ይከብደኛል። የተጠበሰው ሙሉ አሳ ለዓይን ያምራል፣ ዘይቱ ግን አይስማማኝም። እኔ ቤት እንዲህ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ያለ ዘይት አቁላላለሁ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ እጨምራለሁ። አሳውን ከላይ አጋድሜ ከድነዋለሁ። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ሎሚ ከላይ። የእጄ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ሰማያዊ ጠርዝ ባላት ሳህን ላይ ትቀመጣለች። ሃያ ደቂቃ ይወስድብኛል። ሲበቃኝ አንድ ቀለል ያለ ትንፋሽ ይመጣል፣ አንዳንዴም አፍንጫዬ ያረጥባል። ያን ምልክት ለማወቅ ዓመት ፈጅቶብኛል። አሁን እሱን ካየሁ ማንኪያዬን አስቀምጣለሁ።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ሁለት ኪሎ አኩሪ አተር ገዝቼ ከትናንት ጀምሮ ተዘፍዝፏል። አንድ ነገር ግን አልተሳካልኝም፦ ረፋድ ላይ መሥሪያ ቤት ይዤው የምሄደው፣ ፕሮቲን ያለው፣ ሳይሞቅ የሚበላ የጾም ነገር። ሽምብራው ሰለቸኝ። የሞከራችሁት ካለ ከነመጠኑ ጻፉልኝ፣ እኔም ሠርቼ ውጤቱን እነግራችኋለሁ።