ጎጃም ውስጥ የተበታተንነውን ያገናኘሁበት መንገድ

ደብረ ማርቆስ ላይ ብቻህን የሆንክ መስሎህ ስትኖር፣ ቡሬም ዳንግላም እንዳንተ ያለ ሰው እንዳለ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ የሠራሁት ይሄንኑ ነው፤ ሰው ከሰው ማገናኘት። እርስ በርሳችን ዜጋ የምንባባል የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በየከተማው አለን። የሚረዳን ሰው ግን ወይ አዲስ አበባ ነው ወይ ውጭ አገር።

መጀመሪያ የጎረቤቶቻችንን አሠራር አነበብኩ። ኬንያ ውስጥ ጋልክ የሚባለው ጥምረት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትንንሽ ቡድኖችን አሰባስቧል። ምዝገባ የተከለከለ ሌላ የኬንያ ድርጅት ደግሞ ዓመታት ተሟግቶ በ2023 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት፤ ያውም ግንኙነቱ አሁንም በሕግ ወንጀል ሆኖ እያለ! ዩጋንዳ ሌላ ነው። የአገሩን ቡድኖች የሚያስተባብረውን ስመግን መንግሥት በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ አስቆመው። እኛ ጋ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 አለ፣ ያሳስራል። ስለዚህ ምዝገባና ማኅተም የሚባለውን ከጅምሩ ተውኩት።

የቀረው ዕቁብ ነው። ጎጃም ውስጥ ሰዎች ቡና እየጠጡ ብር ቢያዋጡ ማን ይጠይቃል? የኛ ዕጣ አይወጣም እንጂ ሌላው ያው ነው። ብሩ በቴሌብር ይገባል፣ ምክንያቱ ላይ «ለጤፍ» ይባላል። ከዚያ ከቤት ለተባረረ የቤት ኪራይ፣ ለታሰረ ጠበቃ።

አንዱን ወንድሙ ስልኩን በርብሮ አባረረው። አንዲት ፌስታል ይዞ መጣ። እዚህ አገር የመጀመሪያው ጥያቄ የማን ልጅ ነህ ነው፣ ስለዚህ መልስ ሳናዘጋጅ ሰው አንቀበልም።

«እትዬ፣ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሥራ ፍለጋ መጥቶ ነው» አልኳቸው አከራይዋን።

«እንግዲያ ይግባ። ምሳ በልቷል?»

በየከተማው አንድ አገናኝ አለ፣ እሱም የሚያውቀው የሚቀጥለውን ከተማ አገናኝ ብቻ ነው። የስም ዝርዝር የትም የለም። 2015 ክረምት ላይ ክልሉ ውስጥ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቴሌግራም ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ጸጥ አለ፤ እኛ ስልክ በሠራ ቁጥር እየተደዋወልን፣ ብሩንም በ*127# እየላክን ቀጠልን።

ከውጭ እንርዳችሁ ያሉ ነበሩ፣ የተሳታፊ ስምና ፎቶ እንድንልክ ጠየቁ። ብሩ ያጓጓል፣ አልዋሽም። ግን እዚህ አገር ስም የሚጠይቅ ሰው እኛ በምን እንደምንኖር አልገባውም፤ ይቅርብን አልን።

የሴቶቹ ነገር ለብቻው ነው። ሽማግሌ ሊላክ ነው ለተባለባት ልጅ ጠበቃ ምን ያደርግላታል? የሚበጃት ባሕር ዳር ሥራ ማግኘትና አብራት ቤት የምትከራይ ሴት ነው። ስለዚህ የነሱን መስመር የምትይዘው ሴት ናት። ብሩ ለማን እንደሚሰጥም እሷው ትወስናለች፣ እኔን ማስፈቀድ የለባትም።