ባይንድ ወይስ አንባውንድ? ጥያቄዬ ራሱ ልክ አልነበረም

ኔትወርካችን ወደ 300 የሚጠጋ ኮምፒውተርና ስልክ ነበረበት። ሥራውን ስረከብ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የመቀየሩን ሥራ (ዲኤንኤስ) የያዘው ዲኤንኤስማስክ የሚባል ሶፍትዌር ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሲገባ «ኢንተርኔት የለም» የሚለው ስልክ ይጀምራል። መስመሩ ግን ደህና ነው። ሎጉን (የሶፍትዌሩን የሥራ መዝገብ) ስከፍት፣ በአንድ ጊዜ የሚስተናገዱት ጥያቄዎች ጣሪያ መድረሳቸውን የሚናገር መልእክት ተደርድሯል። ካልነኩት ጣሪያው 150 ነው፤ ካሹ (ያገኘውን መልስ ለጊዜው የሚያኖርበት) የሚይዘውም 150 ስም ብቻ። ሁለቱንም ከፍ አደረግኩና ለጥቂት ሳምንታት ጋብ አለ። ይሁንና ዲኤንኤስማስክ ጥያቄን ለሌላ ሰርቨር ከማቀበል አያልፍም፤ ከላይ ያለው ሲዘገይ ጥያቄው ተጠራቅሞ ጣሪያውን መልሶ ይሞላዋል። (አልረገምኩትም። ለኮምፒውተሮች አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒንም አብሮ ስለሚይዝ ለትንሽ ኔትወርክ ዛሬም እሱን ነው የምተክለው።)

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት በከንቱ አለፈ። ምትክ ፍለጋ ባይንድንና አንባውንድን የመሳሰሉ የዲኤንኤስ ሶፍትዌሮችን ስም በሰንጠረዥ ደርድሬ የትኛው ይፈጥናል እያልኩ ሳወዳድር ከረምኩ። እኛ ጋ ካለው ጭነት አንጻር ሁሉም ከበቂ በላይ ፈጣን ናቸው።

መጀመሪያ የተከልኩት ባይንድ 9ን ነው፤ ሁሉን ይችላል፣ ጽሑፉም ሞልቷል። የራሳችንን ዞን (የውስጥ ስሞቻችንን ዝርዝር) ይመልሳል፣ የውጩንም ፈልጎ ያመጣል። ጥፋቱ የመጣው ከእኔ ነው። የአንድ ሰርቨር አድራሻ ቀይሬ የዞኑን መለያ ቁጥር ማሳደግ ረሳሁ። ዞኑን ከመጀመሪያው የሚቀዳው ሁለተኛው ሰርቨር አዲስ ነገር መኖሩን የሚያውቀው ያ ቁጥር ሲያድግ ስለሆነ የድሮውን አድራሻ ማደሉን ቀጠለ። ግማሹ ሰው ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም። እኔ ኬብል ስነቅል ስሰካ ዋልኩ። የባሰው ደግሞ ይህን ላስተካክል ስጣደፍ ኮንፊገሬሽኑ ውስጥ አንዲት ምልክት አጎደልኩና ባይንድ አልነሳም አለ፤ ከራሳችን ስም ጋር የውጩም ዓለም ጠፋ።

ያኔ ነው የገባኝ። ዲኤንኤስ አንድ ሥራ መስሎኝ ነበር እንጂ ሁለት ነው፦ ለራስ ስም ኃላፊ ሆኖ መመለስ፣ እና የሌላውን ስም ጠይቆ ማምጣት። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዳይከተለው ለየኋቸው። የራሳችንን ዞን ለኤንኤስዲ፣ ፍለጋውን ለአንባውንድ ሰጠሁ፤ ሁለቱም የአንድ ድርጅት፣ የኤንኤልኔት ላብስ፣ ሥራዎች ናቸው። ፓወርዲኤንኤስም እንዲሁ ሁለቱን ለይቶ ያቀርባል፤ ስሞቹን በዳታቤዝ ማኖሩም ደስ ይላል። የእኛ ስሞች ግን በወር አምስቴ እንኳ አይቀየሩም፤ ለዚያ ብዬ ሌላ የሚጠበቅ ዳታቤዝ ልጨምር አልፈለግኩም።

አንባውንድ ሲበዛ ጠንቃቃ ነው። ከራሱ ማሽን ስጠይቀው ይመልሳል፣ ከሌላ ኮምፒውተር ግን እምቢ፤ የተፈቀደለትን ኔትወርክ ጽፈው ካልሰጡት ማንንም አያስተናግድም። ይህን ወድጄዋለሁ፤ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሰርቨር ሌሎችን ለማጥቃት መሣሪያ ይሆናል። ኤንኤስዲን እዚያው ማሽን ላይ በሌላ ፖርት አስቀምጬ «የእኛን ዞን ከ127.0.0.1 ጠይቅ» ስለውም ዝም አለ። ወደ ራሱ ማሽን ጥያቄ መላክ በነባሪ ተከልክሏል፤ ክልከላውን በአንድ መስመር ማንሳት ነበረብኝ። በ10 የሚጀምሩትን የውስጥ አድራሻዎች ወደ ስም መመለስም አልሠራ አለኝ፤ ለካስ ኤንኤስዲን ሳይጠይቅ «የለም» ብሎ ራሱ ይመልሳል። ሦስቱንም ሳውቅ ሌሊቱ ነግቶ ነበር።

ከወራት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የውስጥ ስሞች ይሠራሉ፣ የውጭ ስም ግን አንድም አይመጣም። የማሽኑ የሰዓት ባትሪ ሞቶ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። አንባውንድ መልሱ እንዳልተጭበረበረ የሚያረጋግጡትን የዲኤንኤስሴክ ፊርማዎች ሲያጣራ የሥሩ (የስሞች ሁሉ መነሻ የሆነው) ፊርማ ራሱ ገና ጊዜው ያልደረሰ ሆነበት፤ ከሥሩ በታች ያለው ሁሉ አብሮ ወደቀ። ማሽኑ ሰዓቱን እንዳያስተካክል ደግሞ የሰዓት ሰርቨሩ የተጻፈለት በስም ነው፤ ስሙን ለማግኘት ዲኤንኤስ ያስፈልጋል። ባትሪውን ቀየርኩ፤ የሰዓት ሰርቨሩንም በቁጥር አድራሻው ጻፍኩት።