ከቀለሙ በፊት አምፖሉን

ሳሎናችንን ላስቀባ መሆኑን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ምን ከለር መረጥክ?» ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የሄድኩት ቀለም ቤት ሳይሆን አምፖል ልገዛ ነው። ቀን ቀን ሁላችንም ሥራ ላይ ነን። ሳሎኑ ሰው የሚያየው ማታ ነው። ስለዚህ የግድግዳውን ቀለም የሚወስነው ፀሐይ ሳይሆን አምፖሉ ነው ብዬ ተነሳሁ።

ወደ ሱቅ ስሄድ ትንሽ በርበሬ በወረቀት ጠቅልዬ ያዝኩ። ባለሱቁ አምፖሎቹን ተራ በተራ ሲያበራልኝ ወረቀቱን ከሥር ዘረጋሁት። «ወጥ ሊሠሩበት ነው እንዴ ጋሼ?» አለኝ። ልዩነቱን ሲያይ ግን እሱም ጎንበስ አለ። በአንዱ አምፖል ሥር በርበሬው ቁልጭ ያለ ቀይ ነው። ዋጋው ረከስ ባለው ሥር ደብዝዞ ወደ ቡኒ ሄደ። ሁለቱም አምፖሎች ግን ሲያዩአቸው እኩል ነጭ ናቸው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤልኢዲ አምፖል እምብርቱ ላይ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ላዩ ላይ ያለው ቢጫ ልባስ ከፊሉን ወደ ሌሎች ቀለሞች ይለውጠዋል፤ ተደምሮ ነጭ ይመስለናል። በርካሾቹ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ቀዩ ነው። ብርሃኑ ውስጥ ቀይ ከሌለ በርበሬው ቀዩን ከየት ያመጣዋል? ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ (CRI) ወይም አርኤ (Ra) የሚል ቁጥር ካለ እሱን እዩ፤ ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገር ነው። የድሮው የሽቦ አምፖል 100 ነው። ለሳሎን 80 ያስኬዳል፤ 90 ከተገኘ እሰየው።

ሁለተኛው ቁጥር ኬልቪን ነው። «ዋርም» የሚባለው ቢጫማ 2700 ወይም 3000 ነው፤ «ዴይላይት» የሚባለው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ፣ 6500። ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ቀዝቃዛ መምሰሉ ግር ይላል። ቀጥቃጭ ቤት ብረት ሲግል ያየ ሰው ግን ይገባዋል፦ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ ሲብስበት ወደ ነጭ ይሄዳል። ቁጥሩ የዚያ ግለት ልክ ነው።

እኔ 3000 ወሰድኩ። የምንኖርባት ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጋቢ ደርቦ 6500 ሥር መቀመጥ ብርድ ላይ ብርድ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ያለው ወንድሜ ደግሞ ቢጫ መብራት ሲያይ ያልበዋል፤ ቤቱ በሙሉ ነጭ ነው። ሁለታችንም ልክ ነን።

ከዚያ ወደ ቀለሙ። ከኮርኒስ የተረፈ ቺፕውድ ላይ ክሬም፣ ፈዛዛ ግሬይና ፈዛዛ አረንጓዴ ሁለት ሁለት እጅ ቀባሁ። ቀቢው «ካታሎጉ እያለ ምን አደከመዎት?» አለኝ። ካታሎጉ ላይ ያለችው ቀለም ጣት የማታህል ናት፤ በሷ ግድግዳ አይገመትም። ቁራጮቹን በየግድግዳው አቆምኳቸው። ወለል ላይ አጋድሞ ማየት ዋጋ የለውም፤ ብርሃኑ የሚያርፍበት አቅጣጫ ሌላ ነው። ከመስኮቱ ትይዩ ያቆምኩት ክሬምና መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ላይ ያለው የአንድ ባልዲ ቀለም አይመስሉም። አረንጓዴው ማታ ወየበ። ክሬሙ በቢጫ ብርሃን ላይ ቢጫ ሆነበት። ግሬዩ ደመናማ ጠዋት ላይ ሰማያዊ ቢያሰኘውም ማታ ለስለስ ብሎ ሞቀ። እሱን መረጥኩ። ቢጫውን አምፖሉ እየሰጠን ከባልዲ መግዛት ምን ያደርጋል?

እግረ መንገዴን፦ በሰሜን መስኮት የሚገባ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ አይለዋወጥም የሚል ምክር ኢንተርኔቱን ሞልቶታል። ለአውሮፓ በአብዛኛው እውነት ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ እንኳ አንሞላም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። የኛ የሰሜን መስኮት ግንቦት ላይ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ይገባበታል፤ ታኅሣሥ ላይ ዝር አይልበትም።

ለመጋረጃና ለትራስ ጨርቅ የተጠቀምኩት የእናቶቻችንን ዘዴ ነው። ጥለት ሲገዙ ደጅ ይዘው ይወጣሉ። ሱቅ ውስጥ አንድ ዓይነት ቡኒ የነበሩት ሁለት ጨርቆች ደጅ ስወጣ አንዱ አረንጓዴ አረንጓዴ አለኝ። ማቅለሚያቸው ስለሚለያይ በአንዱ ብርሃን ይገጥማሉ፣ በሌላው ይለያያሉ። የደጁ ፍተሻ ግን ግማሽ ነው። ቅዳጅ አስቆርጬ ቤት ወስጄ በራሴ አምፖል ሥር አየሁት።

አንድ ክፍል ውስጥ ቢጫና ነጭ አምፖል አልቀላቅልም። ዓይን አንዱን ብርሃን ሲለምድ ነጩን ግድግዳ ነጭ አድርጎ ያየዋል። ሁለት ሲሆኑበት ግን አንዱ ጥግ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል። ለዚህ ነው ሁለት መለዋወጫ አምፖል ከዚያው ካርቶን ጨምሬ የገዛሁት። አንዱ ሲቃጠል ያንኑ ማግኘት ሁልጊዜ አይሳካም።