ዘንባባ ከዘር፣ ኮምቦልቻ ላይ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም የአትክልት ወዳጆች! ዘንባባ ከዘር እንዴት እንደማበቅል ብዙዎቻችሁ ስትጠይቁኝ ስለነበር ያየሁትን ላካፍላችሁ። የያዝኩት የካናሪ ዘንባባን ነው፣ ያ ሆቴል በር ላይ የምታዩትን ግንደ ወፍራም። የኮምቦልቻ ሙቀት ተስማምቶታል። ደሴ ላይ ብርዱን ቢችልም እድገቱ ይዘገያል።

ፍሬው በስሎ ብርቱካንማ ሲሆን ሥጋውን ልጣችሁ ዘሩን እጠቡት፣ ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ውሃ እየቀየራችሁ ዘፍዝፉት። ሲበቅል ቅጠል አያስቀድምም። ከዘሩ ነጭ ቱቦ መሳይ ነገር ይወጣና ቁልቁል ይወርዳል፤ ሥሩም ቅጠሉም የሚነሱት ከዚያ ከታችኛው ጫፍ ነው። ለዚህ ነው ረዘም ያለ የችግኝ ፕላስቲክ የምጠቀመው። ላዩ ላይ ምንም ሳይታይ ከ2 እስከ 3 ወር ሊቆይ ይችላል፣ አብሽሩ፣ እየቆፈራችሁ አትዩት። የመጀመሪያው ቅጠል ደግሞ ያልተሰነጣጠቀ፣ ቀጭን፣ ቁርጥ ሣር ነው። እናቴ አረም መስሏት ልትነቅለው ስትል ደረስኩባት። «ኧረ እማ፣ ዘንባባው ነው!»

አፈራችን ዋልካ ስለሆነ ክረምት ላይ ውሃ ይይዛል። እኔ ጉድጓዱን ከማጥለቅ ይልቅ መትከያውን ከፍ አደርገዋለሁ። ግንዱን ከነበረበት በላይ አፈር አታልብሱት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በዓል ሲደርስ ዘንባባውን «እናሳምረው» ብለው መሃል ላይ ጥቂት ቅጠል ብቻ አስቀርተው ሙልጭ አድርገው የሚቆርጡት ነገር። እባካችሁ ይቅር! ፖታሲየም ሲያንሰው ከአሮጌው ቅጠል እየሳበ አዲሱን ይመግባል፣ ታችኛው ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቢጫውን ስትቆርጡበት ከላዩ ያለውን መሳብ ይጀምራል፣ እናንተም ያንን ትቆርጣላችሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዛፉ ይመነምናል። እኔ ሙሉ በሙሉ የደረቀውን ብቻ ነው የማነሳው። ግንዱን በገጀራ መጨረፍም እንደዚያው ነው፤ የዘንባባ ግንድ ቁስሉን እንደ ሌላ ዛፍ አይሸፍንም፣ ጠባሳው ዕድሜ ልኩን ይኖራል።

ስትቆርጡ ወፍራም ጓንት አይለያችሁ። የቅጠሉ ሥር ላይ ያለው እሾህ ረጅምና ጠንካራ ነው፣ ዓይንንም አይምርም።

ለሆሳዕና ብላችሁ ደግሞ የመሃሉን ያልተፈታ ቅጠል አትንኩ። የእኛው አገር ዘንባባ ከሥሩ ብዙ ግንድ ስለሚያወጣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ካናሪው ግን ያለው አንድ ግንድ፣ አንድ ልብ (አዲሱ ቅጠል የሚወጣበት የመሃሉ ጫፍ) ነው። ልቡ ከተጎዳ ከጎን የሚያቆጠቁጥ የለውም፣ አለቀለት።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ጠንከር ያሉትን ችግኞች መሬት ላይ አወርዳለሁ። ከሚሴና ባቲ ያላችሁ፣ በበጋው በየስንት ቀኑ እንደምታጠጡ ጻፉልኝ፣ የእናንተ ሙቀት ከእኛ ይበልጣልና ማወዳደር እፈልጋለሁ።