በደቂቃ ሁለት ጠብታ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ፖምፓው ብቻውን ተነሳ። ግርርር ብሎ ዝም አለ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ተነሳ። አልጋዬ ላይ ተኝቼ መቁጠር ጀመርኩ። ፖምፓው የሚነሳው ከሞተሩ ስር ውሃ ሲጠራቀም ነው። ውሃው የሚመጣው ከካናሉ፣ ለጀልባ ተብሎ ከተቆፈረው የውሃ መንገድ ነው። እኔ ደግሞ የተኛሁት ካናሉ ላይ ነው። እንዲህ እያሰበ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ካለ ንገሩኝ።

ጀልባዋን ከገዛኋት ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ለንደን ውስጥ ለአንዲት ክፍል የማወጣው ኪራይ ሲያንገበግበኝ ከረመና፣ አንድ ቀን ያጠራቀምኳትን ሁሉ ይዤ መሃል እንግሊዝ፣ ናፕተን የምትባል መንደር ሄድኩ። እዚያ ነው ያገኘኋት። ናሮውቦት ይሏታል፣ ጠባብ ጀልባ እንደማለት። ስሟ አልዋሸም። ርዝመቷ 17 ሜትር፣ ወርዷ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ። ከተለመደው አንበሳ አውቶቡስ ትረዝማለች፣ ግን ከአውቶቡሱ ትጠባለች። ወጥ ቤቱ፣ አልጋው፣ መታጠቢያው፣ ምድጃው በተርታ ነው። ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ሆዱን መሳብ አለበት። እናቴ ፎቶዋን አይታ፣ «ምነው ልጄ፣ መሬቱ አለቀባቸው?» አለችኝ።

ጥበቷ እንዲሁ የመጣ አይደለም። እነዚህ ካናሎች የተቆፈሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ድንጋይ ከሰል በፈረስ በሚጎተት ጀልባ እንዲመላለስባቸው ነው። በዚህ በኩል ያሉት ሎኮች፣ ማለትም ጀልባ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያሸጋግሩት ባለ በር ገንዳዎች፣ ወርዳቸው 7 ጫማ ገደማ ነው፣ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ። ስትገቡ በግራና በቀኝ የሚተርፋችሁ ሁለት ሁለት ጣት ቢሆን ነው።

ሲነጋ ፊቴን ሳልታጠብ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ከሰላሳ ዓመት በላይ ውሃ ላይ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሻያቸውን እንደያዙ መጡና የሞተሩን ክዳን አንስተው ቁልቁል አዩ።

«ይንጠባጠባል» አልኳቸው።

«መንጠባጠቡ ጥሩ ነው። የሚያስፈራው ጭራሽ ካልተንጠባጠበ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ከውስጥ ነው፣ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋው ፕሮፔለር ከውጭ። ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ የጀልባዋን ኋላ በስቶ ይወጣል። በዘንጉና በቀዳዳው መሃል ውሃ እንዳይገባ፣ ግራሶ የጠጣ ገመድ ቀለበት ቀለበት እየተደረገ ይጠቀጠቅና በሁለት ዳዶ ይጠበቃል። በጣም ካጠበቃችሁት ዘንጉ ይግላል፣ ብረቱም ይበላል። ስለዚህ ዘንጉ ሲዞር በደቂቃ አንድ ሁለት ጠብታ መግባት አለበት፣ ለማቀዝቀዣ። ማታ ሞተሩን ስታጠፉ ደግሞ የግራሶውን እጀታ ትንሽ ታዞሩና ጠብታው ይቆማል። የእኔ ግን ግራሶ ቢጠጣም አይቆምም። ሽማግሌው ዳዶዎቹን ነካ ነካ አድርገው፣ «ይኼ እስከ መጨረሻው ጠብቋል። ገመዱ አልቋል። ኦክስፎርድ ድረስ ያደርስህ ይሆናል» አሉና ወደ ሻያቸው ተመለሱ። «ይሆናል» የምትለዋን ቃል መንገዱን ሁሉ ይዣት ሄድኩ።

እህቴ ከበርሚንግሃም የአንድ ሳምንት ፈቃድ ይዛ መጣች። ሻንጣዋን አይታችሁ ቢሆን ሠርግ የተጠራች ነበር የሚመስላችሁ። ገና ሳትቀመጥ ዊንድላሱን ሰጠኋት። ዊንድላስ እንደ ክርን የታጠፈ የብረት ማዞሪያ ነው፣ የሎኩን የውሃ መስኮት የምንከፍተው በሱ ነው። ናፕተን ላይ 9 ሎኮች ተከታትለው ይጠብቁናል። እሷ መስኮት ትከፍታለች፣ በጀርባዋ በር ትገፋለች፣ እኔ መሪውን ይዤ እቆማለሁ። መሪው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ቀኝ መሄድ ስትፈልጉ ወደ ግራ ትገፉታላችሁ። አምስተኛው ሎክ ላይ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቁልቁል አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ ነው ዕረፍት ያልከኝ?»

ከናፕተን በኋላ ውሃው ወደ 11 ማይል ያህል ያለ ሎክ ይተኛል። መሬት ለመሬት ግን የዚያን ግማሽ እንኳ የሚሆን አይመስለኝም። የኦክስፎርድን ካናል የቀየሰው ጄምስ ብሪንድሊ ኮረብታ መብሳት አይወድም ነበር። የመሬቱን ከፍታ እየተከተለ ዞሮ ዞሮ ይሄዳል። ዎርምሌይተን የምትባል መንደር አካባቢ አንዱን የእርሻ ቤት መጀመሪያ በግራ አየነው፣ ከዚያ ፊት ለፊት፣ ከዚያ በቀኝ። እህቴ ሰውየው ሰክሮ ነበር አለች። ሰውየው እንኳ ሥራው ሲያልቅ አላየም። እ.ኤ.አ. በ1772 ሞተ፣ ካናሉ ኦክስፎርድ የደረሰው በ1790 ነው።

የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 4 ማይል ነው፣ የቆሙ ጀልባዎች አጠገብ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ውሻውን የሚያንሸራሽር ሰው ቀድሞን ሄደ።

ክሌይደን ላይ መውረድ ጀመርን። አምስት ሎክ ነው። ሲወረድ አንድ ክፉ ነገር አለ። ከላይኛው በር ስር፣ ከውሃው በታች፣ የተደበቀ የድንጋይ ደፍ አለ። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ የጀልባዋ ኋላ እዚያ ደፍ ላይ ከተሰቀለ አፍንጫዋ ብቻ ይወርዳል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ትሰጥማለች። ደፉ የት እንደሚያልቅ ግድግዳው ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል። ዓይኔን ከዚያ መስመር ሳልነቅል አምስቱንም ወረድኩ። እህቴ ታወራኛለች፣ አልሰማኋትም።

ባንበሪ ልንደርስ ስንል ጀልባዋ አጓርታ ለመሄድ እምቢ አለች። ፕሮፔለሩ ላይ አንድ ነገር ተጠምጥሟል። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ይኼን አለማድረግ ጣት ያስቆርጣል። ከፕሮፔለሩ በላይ ለዚሁ የተሠራ ክዳን አለ፣ ከፍታችሁ እጃችሁን እስከ ትከሻ ትከታላችሁ። የሚያዝያ ውሃ እዚህ አገር በረዶ ነው። ሴጌቶና ቢላ ይዤ ለአርባ ደቂቃ ስቆርጥ የወጣው የሰው ጃኬት ነው፣ ከነዚፑ። ኪሱን ፈተሽን። ባዶ።

ገመዱን ልገዛ አንድ የጀልባ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። እዚያ ነው ጉድ የፈላው። እኔ ሞተር የተማርኩት ሱማሌ ተራ አጠገብ፣ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ክረምት ክረምት። የማውቀው የመካኒክ ቋንቋ ጣልያን ትቶልን የሄደው ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ ጋርኒሲዮን። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይበቃል፣ ለብሎን ሱቅ ግን አይበቃም። ልጁን «ያቺ ግራሶ ያላት፣ ዘንጉ ላይ የምትጠመጠም...» እያልኩ በእጄ ሳሳየው ቆይቼ በመጨረሻ ወረቀት ላይ ሳልኩለት። ሥዕሉን አይቶ ወዲያው ከመደርደሪያው ሜትር ገመድ ቆርጦ ሰጠኝ። የገመዱን ስም እስክሪብቶ ተውሼ መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

በዚህ መሃል ኑሮውም አለ። ጀልባ ላይ ሁሉ ነገር በልክ ነው። ውሃው ታንከር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። መብራቱ ጣሪያው ላይ ካለው ሶላር ባትሪ ውስጥ የገባው ብቻ ነው። ቆጣሪው 12.2 ቮልት ሲያሳይ ባትሪው ተጋምሷል ማለት ነው፣ እህቴ ያን ጊዜ ነው የጸጉር ማድረቂያ የምትሰካው። ሽንት ቤቱ ሻንጣ በሚመስል ዕቃ ይጠራቀምና በሦስት ቀን አንዴ እየጎተታችሁ ማፍሰሻው ቦታ ትወስዱታላችሁ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቡናውን ግን ሳላወራ አላልፍም። ጋዝ ላይ ስንቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው መንደሩን ቀሰቀሰው። በሩንና መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ቀጠልን። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያሸታሉ። እናቴ በስልክ፣ «ብርድ ነው ካላችሁ ከሰል አያይዛችሁ አስገቡ» ስትል ግን አይሆንም አልኳት። በእንዲህ ያለ ጠባብ ቤት የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። ምድጃችን ጢስ ማውጫ አለው፣ እሱም ቢሆን ከአጠገቡ የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የዚያ የማይታይ ገዳይ ጋዝ፣ መርማሪ ተሰቅሏል።

ኦክስፎርድ ደረስን። እዚያ ካናሉ ያልቅና በአይሲስ ሎክ በኩል ቴምዝ ወንዝ ትገባላችሁ። ዝናብ ሰንብቶ ነበርና ወንዙ ላይ ቀይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ኃይለኛ ወራጅ አለ ማለት ነው። ካናል የቆመ ውሃ ነው፣ ቢበላሽባችሁ ዳር ትይዛላችሁ። ወንዝ ግን ይዟችሁ ይሄዳል፣ ከየሎኩ አጠገብ ደግሞ ውሃው የሚዘልበት ግድብ አለ። ሰሌዳው እስኪወርድ ሦስት ቀን ቆየን።

ገመዱን የቀየርኩት ያኔ ነው። ጀልባዋ ውሃ ላይ እንዳለች ዳዶዎቹን ፈታሁ። ውሃው በቀጭኑ መፍሰስ ጀመረ፣ ፖምፓው ያለማቋረጥ ይጮሃል። እህቴ ባትሪ አብርታ ትይዝልኛለች። አሮጌውን ገመድ በጠማማ ሽቦ ሳወጣ እንደ ደረቀ ቋንጣ ተፈረፈረ። አዲሱን በቀለበት ቀለበት ቆርጬ፣ መጋጠሚያዎቻቸው አንድ ላይ እንዳይገጥሙ እያፈራረቅሁ ጠቀጠቅሁት። አራተኛውን ቀለበት ሳስገባ ውሃው ቀነሰ። ዳዶውን በጣቴ ብቻ አጠበቅሁ። እህቴ ስልኳ ላይ ሰዓት ያዘች፣ እኔ ሞተሩን አስነሳሁ።

«አንድ...» አለች። ቆየች። «ሁለት። ደቂቃው አለቀ።»

ዝናቡ ውስጥ ቆመን ሳቅን።

ሰሌዳው ሲወርድ መልህቁን አፍንጫዋ ላይ አስረን፣ ለወንዙ የሚያስፈልገውን ሌላ ፈቃድ ይዘን ወጣን። ኦስኒ ድልድይ ስር ሳልፍ ጣሪያው ላይ ያለችውን የአበባ ዕቃ ለማዳን ተንጠራራሁ። ከዚያ ወዲያ ወንዙ ተከፈተ። ካናሉ ላይ ሣሩን በእጃችን እየነካን የመጣን ሰዎች ዳርና ዳሩ ራቀብን። እዚህ ሎኮቹ ቁልፍ ሲጫኗቸው በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው፣ አይፍሊ ላይማ ሠራተኛ ነበረና እህቴ ዊንድላሷን ታቅፋ ሥራ ፈት ቆመች። ትንሽ የተከፋች መሰለኝ። ሳንድፎርድን አልፈን፣ አቢንግደን ከመምሸቱ በፊት ዳር ያዝን።

ማታ አዲስ አበባ ደወልኩ። አጎቴ ዕድሜው ገፍቷል፣ ጋራዡን ከዘጋ ቆየ። ጉዞውን ስነግረው ብዙም አልገረመው።

«ሞተሩን አስነሳና ስልኩን አስጠጋልኝ» አለ።

አስነሳሁ። አስጠጋሁ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ሰማ።

«ቺንጊያው ላልቷል። አይሰማህም እንዴ?»

አጠፋሁና ክዳኑን አንስቼ ቺንጊያውን፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። እንደ ሕፃን ጉንጭ ገባልኝ። እህቴን አስራ ሦስት ቁጥር ቁልፉን አቀብይኝ አልኳት።